ካምሪ ናት እኮ!

ሰሞኑን በእኛ ቤት ፖለቲካው ለጊዜው ጋብ ብሏል። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ ካምሪ ወይስ አኮርድ?

እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ስታነቡ «የጠገበ ሰው ጭቅጭቅ!» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። ግን እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ያለ መኪና እንጀራ ለመግዛት እንኳ መውጣት ፈተና ነው። መኪና እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ጫማ ነው። በዚያ ላይ የዘንድሮው ጭቅጭቅ ከወትሮው ይለያል። ልጃችን 16 ዓመት ሞልቷታል። በቨርጂኒያ ሕግ አንድ ልጅ 16 ዓመት ከሦስት ወር ሲሞላው መንጃ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የእኛዋ መለማመጃውን ከያዘች ዘጠኝ ወር ሊሆናት ነው፤ ቀኑን ወጥ ቤት በተሰቀለው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከባዋለች። እኔ ሞኙ አባቷ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች «ስታድጊ ይቺ መኪና ያንቺ ናት» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ይቺ መኪና የ2012 ካምሪ ናት።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ሁለቱ ባላንጣዎች ጥቂት ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መኪኖቹም የሚጠሩት በዚያው ነው፤ ያውም በሞዴል ዓመት፤ የ2012ቷ ካምሪ የወጣችው በ2011 ነው። ፈረንጅም የራሱ የጳጉሜ ጣጣ አለው።)

ካምሪ የቶዮታ፣ አኮርድ የሆንዳ ነው። ሁለቱም መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ናቸው፤ አራት በር፣ አምስት ሰው፣ ከኋላ የሳምንት አስቤዛ። የጃፓን ይባሉ እንጂ አኮርድ ከ1982 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል፣ ካምሪም ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ውስጥ ጆርጅታውን ይሠራሉ። ስማቸው የሩቅ አገር፣ ልደታቸው አሜሪካ፤ እንደ ልጆቻችን መሆኑ ነው። «ካምሪ» የሚለው ስም የተወሰደው «ዘውድ» ከሚል የጃፓንኛ ቃል ነው። ቶዮታ ዘውድ ይወዳል። ክራውንም፣ ኮሮናም፣ ኮሮላም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። እናላችሁ፣ አገር ቤት ዘውድ ያወረደው ትውልድ ዋሽንግተን መጥቶ ዘውድ እየነዳ ልጅ አሳደገ።

በ1989 አኮርድ በአሜሪካ ከሁሉም የበለጠ የተሸጠ መኪና ሆነ፤ የውጭ ስም የያዘ መኪና ያን ወንበር ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ከ1992 እስከ 1996 የፎርዱ ቶረስ ነጠቀው። በ1997 ካምሪ ወጣች። በ2001 አኮርድ አንዴ ብቅ ብሎ ታየና ከ2002 ወዲህ ወንበሩ የካምሪ ሆኖ ቀረ። በ2024 ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ካምሪ ተሸጧል፤ አኮርድ የዚያን ግማሽ ያህል ነው።

ሁለቱ በየአምስት በየስድስት ዓመቱ ልብስ ይቀይራሉ። ሽኩቻቸውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሲቀይር ሌላው እንቅልፍ ያጣል። ግን አዲስ ልብስ ሁሉ ዕድገት አይደለም። ቶረስን ይህን ያህል ያስወደደው ፎርድ በ1996 መኪናውን እንቁላል አስመስሎ ሠራት። የኋላ መስታወቱም፣ የሬዲዮ ቁልፉ ሳይቀር እንቁላል። በዓመቱ ወንበሩን ለካምሪ አስረከበ። የካምሪም ታሪክ ቢሆን ከነቁስሉ ነው። ወንድም ጋሼ የ1994 ካምሪ ነበረችው። እስከ ዛሬ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል። በሯ ሲዘጋ የባንክ ካዝና ይመስል ነበር። ለዚያች መኪና ቶዮታ አልሳሳም ነበር፤ ከሌክሰስ ጋር አብራ ያደገች ናት። በ1997 ተለውጣ ስትመጣ ግን የዋጋው መቀስ ገብቶባት ነበር፤ ረከሰች፤ ከውስጧም የተነሳላት ነገር ነበር። ወንድም ጋሼ «የበሯን ጎማ ሳይቀር ቀነሱት» ይላል፤ ሰው ስለ ሞተ ዘመዱ እንደሚያወራው። ገበያው ግን አንደኛ ያደረጋት ያኔ ነው።

እንግዲህ ሐበሻ ካምሪን የሚወዳት በዚህ ሁሉ ጥናት አይደለም። አንድ ሰው ከአገር ቤት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይሠራል፣ ትንሽ ይቆጥባል፣ ከዚያ መኪና ሊገዛ ሰው ያማክራል። መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሰዋል፤ «ካምሪ ግዛ!» ለምን? «ካምሪ ናት እኮ!» አለቀ። ምክንያቱም መልሱም ስሟ ነው። አትቆምም፣ መለዋወጫዋ ርካሽ ነው፣ ስትሸጣት አትከስርም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም በ2012 መስከረም ላይ ባለቤቴን ይዤ ሄጄ የገዛሁት በዚሁ እውነት ነው። ልጃችን ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። የአምስት ዓመት ብድር ፈረምን። ባለቤቴ አኮርድም እንይ ብላ ነበር፤ አዲሱ የ2013 አኮርድ ያን ሰሞን ነበር የሚገባው። «ምን ያስቸኩለናል?» አለች። ወንድም ጋሼ አብሮን ነበርና «ካምሪ ናት እኮ!» አላት። ፈረምን።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ማታ ከሥራ ገብታ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ባለቤቴ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። የመኪና ግጭት ለእሷ ዜና አይደለም፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ስሙን የምትጠይቀው ሰው ነው።

ቢሮው እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን የሆነ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም አለ። መኪኖችን እየገዛ ያጋጫል፤ ከዚያ ማርክ ይሰጣል። በ2012 አዲስ ፈተና አመጣ። መኪናው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ የማይነቃነቅ ግንብ ይመታል፤ ግን በሙሉ ፊቱ አይደለም፤ በሾፌሩ በኩል ባለው ሩቡ ብቻ። የመብራት እንጨት በጠርዝ እንደ መምታት፣ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና መስመሩን ስቶ በጥግ ሲያገኝህ ማለት ነው። መኪና ሠሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ለሌላ ፈተና ነበር። ከፓራውልቱ ጀርባ ግጭቱን የሚውጡት ወፋፍራም ብረቶች ወደ መሃል ገባ ብለው ነው የተቀመጡት። ሩቡ ብቻ ሲመታ ግጭቱ እነሱን አልፎ ጎማው ላይ ያርፋል። ጎማው ደግሞ መሄጃው ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ሾፌሩ እግር።

ባለቤቴ ያሳየችኝ ቪዲዮ ላይ የምትጋጨው የኛዋ ካምሪ ነበረች። ማርኳ ከአራቱ ደረጃዎች የመጨረሻው ነው፤ «መጥፎ»። አኮርድ፣ ያ «ምን ያስቸኩለናል» ያለችው የ2013 አኮርድ፣ «ጥሩ» አገኘ።

ለካምሪ ልፍረድላት። በሌሎቹ፣ በድሮዎቹ ፈተናዎች ጥሩ ያመጣች መኪና ናት፤ ስንገዛትም በተቋሙ የምርጦች ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ፈተናው አዲስ ነበር፣ ብዙዎቹም ተንገዳግደውበታል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሳችው። «እግሩን እየው» አለችኝ፤ የአሻንጉሊቱን ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ብዙም አላወራንም። ብድር አለብን፣ ልንመልሳት አንችልም። አንድ ነገር ብቻ አደረገች። በማግስቱ ጠዋት የልጃችንን ወንበር ከሾፌሩ ጀርባ ፈትታ በቀኝ በኩል አሰረችው። ያ ፈተና የኋላውን ወንበር አይለካም፤ ይህን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ወንበሩ ግን ልጅቷ እስክታድግ ድረስ ከቀኝ አልተነቃነቀም።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ቶዮታ ነገሩን ዝም አላለም። በ2013 መጨረሻ ላይ ከፋብሪካ የወጡት ካምሪዎች ከላሜራው ሥር ተጠናክረው ተሠሩ፤ ተቋሙም እንደገና ፈትኖ ማርኳን ከፍ አደረገላት። መልኳ ግን ያው ነው። አዲስ መብራት የለ፣ አዲስ ፓራውልት የለ። የበፊቷንና የኋለኛዋን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው መንትያ ናቸው። ይቺን ለውጥ በማኅበርም፣ በለቅሶም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም አንድ ሰው ሲያነሳት አልሰማሁም። በ2015 ሞዴል ግን ከጣሪያዋ በስተቀር ፊቷም ጎኗም ተለውጦ መጣች። አቤት የተወራው ወሬ! ከቅዳሴ በኋላ ወንዱ ሁሉ ፓርኪንጉ ላይ ከብቧት ኮፈን ያስከፍታል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል። አንዱ ወዳጄ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ያንተ እኮ አሮጌው ፊት ሆነች!» አለኝ። ፊቷን አይደለም የማስበው ልለው ፈልጌ ተውኩት። በሰንበት ማንን ላስጨንቅ?

ወንድም ጋሼ ሽንፈት አያውቅም። ባለቤቴ የ2012ን ፈተና ባነሳች ቁጥር «ሆንዳስ? ኤርባጉስ?» ይላል። እውነቱን ነው። ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሲነፉ ብረት እየረጩ ሰው ገድለዋል። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት አንዳንድ የ2001፣ የ2002 እና የ2003 ሆንዳና አኩራ ያላቸውን ሰዎች ለማስጠገን ካልሆነ በቀር እንዳይነዷቸው አስጠንቅቆ ነበር። የ2001ና የ2002 አኮርድም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እሷ ደግሞ ትመልሳለች፤ «በ2010 የቶዮታው ፕሬዚዳንት ኮንግረስ ፊት የቀረበው ለሽርሽር ነው? ካምሪ በነዳጅ ፔዳሉ ጣጣ አልተጠራችም?» ወንድም ጋሼ ስኒውን ያስቀምጣል። «እሱ ምንጣፉ ነው» ይላል። ምንጣፉም ነበር፣ ፔዳሉም ነበር። እኔ መሃል ሆኜ ቆሎ እበላለሁ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ መኪና አይደለም። አንዱ የቶዮታ ጠበቃ፣ አንዷ የሆንዳ ጠበቃ ይመስላሉ እንጂ ወንድም ጋሼ የሚሟገተው ስለ 1994ቷ መኪናው ነው፤ 11 ዓመት ያበላችውን፣ እኔን ከኤርፖርት የተቀበለባትን። ባለቤቴ የምትሟገተው ስለዚያ እግር ነው።

እናም ዘንድሮ ካላንደሩ ላይ ያለው ቀይ ክብ ሲቀርብ፣ ባለቤቴ አንድ ማታ እጇን እያጠበች ሳትዞር «ልጄ በዚያች መኪና አትወጣም» አለች።

ልጃችን አለቀሰች። «አባዬ ፕሮሚስ አድርገሃል!» መኪናዋን ለራሷ አስባ ስም ሁሉ አውጥታላታለች። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው በር ላይ በአምስት ዓመቷ በከለር የሣለችው አበባ አሁንም አለ፤ ብናሻሽም አልለቀቀም። ወንድም ጋሼ ተጠራ። «ለ16 ዓመት ልጅ አዲስ መኪና? ታበላሿታላችሁ!» አለ። ባለቤቴ «አዲሱን እኛ እንገዛዋለን፤ እሷ ስትነዳ እሱን ትነዳለች» አለችው። ለዚያ መልስ አላገኘም።

ቅዳሜ ሁለቱንም ለማየት ወጣን። አንደኛው ሱቅ ሻጩ ሐበሻ ሆኖ ተገኘና ግማሽ ሰዓት ስለ አገር አወራን፤ ዋጋው ላይ ስንደርስ ግን እንግሊዝኛ ጀመረ። አኮርድ በ2023 ነው የተለወጠው። ረጅም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከውስጥ ንጹሕ ነው፤ የአየር መውጫዎቹን ደብቆ ከዳር እስከ ዳር በወንፊት ሸፍኗቸዋል። ከኋላ እግር መዘርጊያው፣ ዕቃ መጫኛውም ከካምሪ ይሰፋል። ልጃችን መሪውን ይዛ አልለቅም አለች። ርካሹ አኮርድ ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ሃይብሪዱን ለማግኘት ጨመር ማድረግ ግድ ነው። ካምሪ ደግሞ ከ2025 ሞዴል ጀምራ ጭራሽ ሃይብሪድ ብቻ ሆናለች፤ ያለ ባትሪ ካምሪ የለም። ርካሿ በይፋዊው ልኬት በአንድ ሊትር 21 ኪሎ ሜትር ግድም ትሄዳለች። ይህን ስሰማ የዕድሜ ልክ ታክሲ ነጂው ወንድም ጋሼ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ታየኝ። ፊቷን እንኳ አልወደድኩትም፤ መብራቶቿ ወደ ጎን ተጎትተው የተቆጣች ዓሣ ትመስላለች። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም 30 ሺህ ዶላርን ይዞሩታል።

ባለቤቴ ፊታቸውንም፣ ሞተራቸውንም አላየችም። በሁለቱም ሱቆች የኋላ ወንበር ላይ ገብታ ቀበቶ አስራ ተቀመጠች። ሻጩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ያያል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያ ተቋም ከጊዜ በኋላ ከኋላ የሚቀመጠውንም ሰው መለካት ጀምሯል። በ2023 መካከለኛ መኪኖችን ሲፈትን «ጥሩ» ያገኘው አኮርድ ብቻ ነበር፤ የዚያን ጊዜዋ ካምሪ ወደ ታች ቀርታለች። ባለቤቴ ይህን ወረቀት አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። አኮርድ እንደምትመርጥ ሁላችንም ገብቶን ነበር። ከሁለተኛው ወረቀት በስተቀር። በ2025 አዲሷ ካምሪም አኮርድም የተቋሙ የመጨረሻው ከፍተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

«እኩል ከሆኑማ ነዳጅ የማትበላው ትሁን» አለች። ካምሪ ገዛን።

ወንድም ጋሼ ሲሰማ ደስታውን አትጠይቁኝ። ስልኩ ውስጥ እየሳቀ «አላልኳችሁም? ካምሪ ናት እኮ!» ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ካምሪን መች ጠላሁ? ያቺን ካምሪ ነው» አለችው።

ቀረች ያቺ ካምሪ። በሰው በሰው አንድ ወጣት ሊገዛት መጣ፤ ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ ባለትዳር፣ የሁለት ዓመት ልጅ ያለው። ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ምግብ ያደርሳል። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ኮፈን ከፈተ፣ ዘይቷን ጨልፎ ሸተተ። በሩ ላይ ያለውን አበባ ሲያይ ፈገግ አለ። 7 ሺህ ዶላር ተስማማን። ገንዘቡን ሊቆጥር ሲል አላስችል አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። «ይቺ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ግጭት ላይ ደካማ ናት። ልጄን አላስነዳም ብዬ ነው የምሸጣት።» ወጪው ሁለት ሺህ ዶላር ቢቀንስ እንኳ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ እኔ ሰሃራን የተሻገርኩት በፒክአፕ ነው» አለኝ። «ሰው በሰው ላይ፤ ዳር ያለነው እንጨት በእግራችን መሃል ሰክተን እሱን አቅፈን። የወደቀ አይነሳም፣ መኪናው አይቆምም። እሱም ቶዮታ ነበር።» ስልኩን መለሰልኝ። «ስንት ማይል ሄዳለች ነበር ያሉኝ?»

«141 ሺህ።»

«ገና ልጅ ናት እኮ! ካምሪ ናት!»

አምስት መቶ ዶላር ቀነስኩለት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ባለቤቴ «ነገርከው?» አለችኝ ማታ። ነገርኩት አልኳት። «ቪዲዮውን ሙሉውን?» ሙሉውን። ተኛን፤ ማለቴ፣ ጋደም አልን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ግቢው ውስጥ ቆማ አየኋት። አጥቧታል፤ እኔ እንደዚያ አጥቤያት አላውቅም። በመስታወቱ አጎንብሼ ወደ ውስጥ አየሁ። የልጁ ወንበር ከሾፌሩ ጀርባ ነው የታሰረው። ባለቤቴን ፈለግኋት፤ ከሴቶቹ ጋር ገና እያወራች ነው። ወጣቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ጥላው ሥር ቆሜ ጠበቅሁት።

«ምነው ጋሼ፣ የረሱት ነገር አለ?»

«ቁልፉን አንዴ» አልኩት።

ሁለታችንም ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን የኋላ ወንበር ውስጥ ገባን። የወንበሩ ቀበቶ ነክሶ አልላቀቅ አለን፤ ልጁ በረሃብ ይሁን በንዴት ያለቅሳል፣ እናቱ ዳቦ ታጎርሰዋለች። ለምን እንደሆነ ስታውቅ ዳቦውን ይዛ ጠጋ አለችና ቀበቶውን ከታች በኩል እንድንጫነው አሳየችን። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ልጁ በቀኝ በኩል፣ አበባው ካለበት በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ወዲያው በጣቱ አበባውን መፋቅ ጀመረ።